ከኋላ የመጣው እጄ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነሐሴ ነው። ሌላው ሰው ቡሄ ደረሰ ብሎ ሙልሙሉን ሲያስብ፣ እኔ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ መግመድ የሚጀምሩበትን ቀን እቆጥራለሁ። የመጀመሪያው ጅራፍ ከማዶ ሲጮህ ልቤ ድንግጥ ይላል። ለራሴ ፈርቼ አይደለም፤ በዕድሜዬ ጥይት ተተኩሶብኝ አያውቅም። ከዚያ ድምፅ ጋር አብረው መሬት የሚወድቁ ሰዎችን ስለማውቅ ነው። አሁን እገሌ የት ይሆን? ከበሬዎቹ ጋር ነው ወይስ ቤት ነው? መድኃኒቱን ጨርሶ ይሆን? አንድ በአንድ ካሰብኳቸው በኋላ ነው የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ ማስረከቤ፣ ወንበሬ ላይም ሌላ ሰው መቀመጡ ትዝ የሚለኝ።

ስሜ ሽፈራው ነው። አባቴ ሺህ ሰው የሚፈራው ልጅ ተመኝተው ያወጡልኝ ስም ነው፤ እኔ ግን ሺህ ነገር የምፈራ ሰው ሆኜ አረፍኩት። ባለቤቴ፣ "አንተ እኮ ላልተወለደ ልጅ ሕመም ትጨነቃለህ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። መንዝ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ዘመሮ በጤና ረዳትነት፣ ኋላ መሐል ሜዳ በአእምሮ ሕክምና ነርስነት። ስለ ደመወዙና ስለ ወር ሪፖርቱ አላወራም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። የማወራው ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ ጥፋቴ ነው።

ደርግ በወደቀ ማግስት የዘመሮው ክሊኒካችን ሁለት ክፍል ነበረው። ጣሪያው ያፈስስ ስለነበር በሽተኛ የሚቀመጥበትን ወንበር ከሚያፈስሰው ጥግ አንስተን ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ አስጠግተነው ነበር። ያኔ የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ ወደየቀዬው ይመለሳል። አንዳንዱ የወታደር ካፖርቱን ቀለም ነክሮ ለብሶታል፤ አንዳንዱ ያንኑም የለውም። ወደ እኛ ሲመጡ ስለ ጦርነት አይናገሩም። ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ራሴን ያመኛል ይላሉ። የክሊኒኩ ኃላፊ፣ "ወታደር ሁሉ ጨጓራ አለበት፤ የዚያ ደረቅ ብስኩት፣ የኮቾሮ ነገር ነው" ብለው ስለደመደሙ፣ እኔም ካርዱ ላይ ጨጓራ እያልኩ እጽፍና ነጩን የሚታኘክ ኪኒን እቆጥርላቸዋለሁ።

ከእነዚህ ሁሉ ጋሽ እሸቴን አልረሳቸውም። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። ለሦስት ዓመት ያህል ገበያ በዋለ ቁጥር ይመጣሉ። ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሆዳቸውን እዳስሳለሁ፣ ኪኒናቸውን ይቀበላሉ፣ ግን ቶሎ አይነሱም። ወረፋ ከሌለ ግማሽ ሰዓትም ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ።

"ሐኪም፣ ይኼ ጨጓራ የሚሉት ነገር ሕልም ያሳያል እንዴ?"

"ምን ዓይነት ሕልም?"

"እንዲያው ሕልም። ነቅተህም የማይለቅህ።"

ሳቅሁ። "ማታ ማታ ባቄላ ይተዉ ጋሼ" አልኳቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

በ1992 ዓ.ም. የሰሜኑ የድንበር ጦርነት ሲያበቃ ለአእምሮ ሕክምና ነርስነት ሥልጠና የሚሄድ ሰው ተፈለገ። ማንም "የእብድ ሐኪም" መባል አልፈለገምና ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። ትምህርቱን አዲስ አበባ ተምሬ ለልምምድ ደብረ ብርሃን ሲስተር ጽጌ ዘንድ ተመደብኩ። አጭር፣ ወፍራም፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሴት ነበሩ።

በመጀመሪያው ቀን ያዘዙኝ ሥራ ወንበር ማንሳት ነው። የበሽተኛው ወንበር በሩን ማየት አለበት፤ ከኋላው ግድግዳ እንጂ ሰው ሊኖር አይገባም። የእኛ ወንበር ደግሞ በእሱና በበሩ መካከል መቆም የለበትም። ቀጥለው የራሳቸውን ክፍል በር አንኳኩተው ገቡ። ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ጋር ሲነጋገሩ ደግሞ የሚያደርጉትን ሁሉ አስቀድመው ይናገራሉ፤ "አሁን ልነሳ ነው። መስኮቱን ልዘጋው ነው፤ ሲዘጋ ይጮሃል። ይኸው።" እኔ በልቤ፣ ሴትዮዋ እዚህ ብዙ ከመቆየታቸው የተነሳ ሳይነካካቸው አልቀረም አልኩ።

የጋውናቸው ኪስ ምንጊዜም የገብስ ቆሎ አያጣም። የሚበሉት መስሎኝ ነበር። ሰውየው እያወራ ድንገት ዓይኑ ፈዝዞ ላብ ሲያጠምቀው፣ ገላው እዚህ ሆኖ ልቡ ምሽግ ውስጥ ሲገባ፣ አንዲት ፍሬ መዳፉ ላይ ያኖሩለታል። "ስንት ናት? ትሞቃለች ትቀዘቅዛለች? እስቲ በጥርስህ ስበራት። ማን ቆላት?" ይሉታል። ሁለተኛ ይጨምሩለታል፣ ሦስተኛ። አምስተኛው ላይ ብዙ ጊዜ ሰውየው ወደ ክፍሉ ይመለሳል። መጽሐፉ ለዚህ ዘዴ ረጅም ስም አለው፤ እኔ ግን የሲስተር ጽጌ ቆሎ እንዳልኩት ቀረሁ።

በሽታውን ያስረዱኝም በሰው ቋንቋ ነው። "ሽፈራው፣ ጅብ ሲመጣ ውሻ ይጮሃል። ጅቡ ከሄደ በኋላም ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ የሚያድር ውሻ አይተህ የለም? የእነዚህ ሰዎች ሕመም እሱ ነው። ውሻውን አትምታው፤ ሥራውን ነው የሠራው። ጅቡ መሄዱን ቀስ ብለህ አሳየው።" ለእኛ ያለፈ ነገር ትዝታ ይሆናል፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን ገና አላለፈም። ስለዚህ ድምፁን ይሸሻሉ፣ ሽታውን ይሸሻሉ፣ በመጨረሻ የሚወዱትንም ሰው ይሸሻሉ። ሲስተር ጽጌ "ምን አየህ?" ብለው አይጀምሩም ነበር፤ "ምን ትሸሻለህ?" ነው የሚሉት። የሚሸሸውን ከቀላሉ እስከ ከባዱ እንደ መሰላል ደርድረው፣ ከታችኛው ደረጃ ጀምሮ እየለመደ እንዲወጣ ያደርጋሉ። "መሰላሉን የሚሠራው እሱ ነው፣ የሚወጣውም እሱ ነው። አንተ እግሩን ያዝለት" ይሉኝ ነበር። ስንለያይ ካርድ አልሰጡኝም፣ መጽሐፍ አልሰጡኝም። አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ነገሩኝ፤ "ከኋላ አትምጣ።"

መሐል ሜዳ ስመለስ ድሮ ዕቃ ቤት የነበረች ክፍል ተሰጠችኝ። ወንበሮቹን እንደተማርኩት አስቀመጥኩና ጠበቅሁ። ሰዉ ግን የክፍሌን በር እንኳ ዞር ብሎ ያልፍ ነበር። ከብዙ ሳምንት በኋላ አስካለ የምትባል ሴት ባሏን ይዛ መጣች። ጓሳ ከሚባለው የደጋ ሣር ምድር ጥግ ካለች መንደር፣ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግር ተጉዘው ነው። ጌታነህ ይባላል፤ ከዚያው ከሰሜኑ ጦርነት አሥር አለቃ ሆኖ የተመለሰ፣ ሠላሳ ያልሞላው ሰው ነው። አባቱ ጋሽ ደምሴ ጠመንጃቸውን ዘበኛው ዘንድ አስቀምጠው ተከትለው ገቡ። ጌታነህ ቆሞ ቀረ።

"በሩን ልዝጋው ወይስ ክፍት ይሁን?" ስለው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

"ክፍት" አለና ተቀመጠ።

የተናገረችው አስካለ ናት። "ሐኪም፣ ሲያርስ ማረሻው ድንጋይ የመታ እንደሆነ ዕርፉን ጥሎ ትልሙ ውስጥ ይተኛል። በሬዎቹ ቆመው ያዩታል፤ እኔም ቆሜ አየዋለሁ። ሌሊት ደጅ ቁጭ ብሎ ቤቱን ይጠብቃል። ልጃችንን አቅፏት አያውቅም። እጄ ያማል ይላል፤ እጁ ግን ጤነኛ ነው።"

ጋሽ ደምሴ ቆጣ አሉ። "ልጄ ፈሪ ሆኖ አልተመለሰም! ዓይነ ጥላ ነው የያዘው። ይኼንን ጻፍልኝ።"

መንዝ ውስጥ ፈሪ ከሚሉህ የሞትክ ይሻላል። ስለ ጅቡና ስለ ውሻው ነገርኳቸው። ሕመሙ ብዙ የጦር ጀግና እንደሚይዝ፣ ወኔ ከማጣት እንደማይመጣ ነገርኳቸው። ጌታነህ ሲወጣ፣ "ውሻው መቼ ዝም ይላል?" ብሎ ጠየቀኝ።

መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ የጸበሉ ነው። ቤተሰቡ ጸበል አስጀምረውት ነበር፤ እዚያ ደግሞ ኪኒን የሚውጥ አይጠመቅም ይባላል። ያዘዝኩለትን ኪኒን እንዳይተወው ፈርቼ፣ ሳልተኛ አድሬ ወደ ደብሩ አገልጋይ ወደ አባ ገብረ ማርያም ሄድኩ። ጢማቸውን እያፍተለተሉ ሰሙኝና፣ "ጸበሉ በጠዋት ነው፣ ያንተ ኪኒን በማታ ነው፤ መንገድ ላይ አይገናኙ፣ ምን አጣላቸው?" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጌታነህ ሲጠመቅ ውኃው ከኋላ እንዳይፈስበት እሳቸው ራሳቸው ፊት ለፊቱ ይቆሙ ነበር። ሳልነግራቸው እንዴት እንዳወቁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መድኃኒቱ፣ ሲገኝ፣ ለእንቅልፉ ረዳው። አምስተኛው ቀጠሮ ላይ ጌታነህ የሸሸውን ነገር ተናገረ። ምሽግ ውስጥ ከኋላው የነበረ ጓደኛው ሊያጫውተው ብሎ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። በዚያች ቅጽበት መድፍ ወደቀ። ጓደኛው እጁን ሳያነሳ እላዩ ላይ ተደፋበት። እስኪመሽ ድረስ ከሥሩ ሆኖ የእጁን ክብደት ትከሻው ላይ ሲሰማ ዋለ። ይህንን ሲነግረኝ አሥራ አንድ ፍሬ ቆሎ ጨርሰናል። በየቀጠሮው ደጋግሞ ነገረኝ፤ ሲደጋግመው ድምፁ ትንሽ ትንሽ እየረጋ ሄደ።

መሰላሉን እሱ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። ከታች የካብ ድንጋይ ሲናድ። ከዚያ የቆርቆሮ በር ሲላተም። ከዚያ ከማዶ ያለ ጅራፍ፣ ከዚያ ቅርብ ያለ ጅራፍ፣ ከዚያ ሩቅ የሚሰማ የሠርግ ተኩስ። ከሁሉ በላይ የለቅሶ ተኩስ። እኛ ዘንድ ደህና ሰው ሲቀበር ይተኮሳል፤ ሽማግሌ በዝምታ አይሸኝም።

"እሷን ይጻፏት እንጂ አይጥሯት" አለኝ።

ያንን ክረምት አስካለ ከካቡ ድንጋይ እየጣለች፣ እኛ መደብ ላይ ቁጭ ብለን እየሰማን ከረምን። ነሐሴ ሲገባ ጎረቤታቸው ከማዶ ተረተር ላይ ጅራፉን ያጮህ ነበር፤ መጀመሪያ እጁን ከፍ አድርጎ እያሳየ። ጌታነህ በመጀመሪያው ቀን ወደቀ። በሳምንቱ ተንበረከከ። ለቡሄ ዋዜማ ቆሞ ሰማው፤ ላብ በላብ ሆኖ፣ ግን ቆሞ። በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ስደርስ ልጁን ታቅፎ ደጅ ላይ አገኘሁት። አስካለ ወደ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። እኔም ስመለስ በቅሎዬ ላይ ሆኜ ብቻዬን ስስቅ ሄድኩ።

ጋሽ ደምሴ ኅዳር ላይ ሞቱ። ከመሰላሉ ገና ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነበርን።

መርዶው ሲደርሰኝ በቅሎ ጭኜ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የማስበው ተኩሱን ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አባ ገብረ ማርያም ጠብቀውኝ ጎተት አደረጉኝ። "ተኩሱን ምን እናድርገው? አስቀሩ ካልክ እኔ እናገራለሁ" አሉኝ።

አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ግን የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ጋሽ ደምሴን የሚያህል ሰው እንደ ድመት በዝምታ ሲቀበር ታየኝ። ሰዉ ለምን ቀረ ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ "ልጁ ስለማይችል" ሲሆን፣ ያቺ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ስትዞር ታየኝ። አፈርኩ። ለእሱ ያፈርኩ መስሎኝ ነበር።

"ግድ የለም አባ፣ ይተኮስ። እኔ አጠገቡ እሆናለሁ" አልኩ።

ፎካሪው ሲሸልል ጌታነህ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመ። ቆሎ ይዟል። የመጀመሪያው ጥይት ሲጮህ ዓይኑን ጨፈነና ቆመ። ሁለተኛው ሲጮህ ወደፊት ሲያዘነብል አየሁ። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ራሱን እንዳይጥል ከኋላ ይያዛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያላደረግሁበት ለቅሶ የለም። እጄ ሳያማክረኝ ሄደ። ከኋላው ደርሼ ትከሻውን ያዝኩት። ሦስተኛው ጥይት የጮኸው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ የሆነው በአንድ ትንፋሽ ነው። ዞሮ በክርኑ መንጋጋዬን መታኝ። አስካለ በመካከላችን ገባች፣ ወረወራት፣ መቃብር ድንጋይ ላይ ወደቀች። አጥንቷ ሲሰበር ተሰማ። እሱ አያት። እጁን አየ። ከዚያ ሰዉን እየጣሰ አጥሩን ዘሎ ሽቅብ ወደ ጓሳው ሮጠ።

ሦስት ቀን ጠፋ። ውርጭ የሚወርድበት ሰሞን ነው፤ ለብሶት የሄደው ነጠላ ብቻ ነበር። የመንደሩ ሰው ገደል ገደሉን ይፈልጋል፣ እኔ ያበጠ አገጬን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። አሞራ በዞረ ቁጥር ወደዚያው እሮጣለሁ። ለእግዚአብሔር ያልተሳልኩት ነገር የለም፤ ሥራዬን እተዋለሁ ብዬ ሁሉ ተስያለሁ። አስካለ የተሰበረ እጇን በሻሽ አንጠልጥላ ጠዋት ማታ ደጅ ቆማ ትጠብቃለች። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

ያገኘው ከጓሳው ጠባቂዎች አንዱ ነው። ጓሳው ለሣሩ ተዘግቶ ስለነበር ጠባቂዎቹ ከብት እንዳይገባ ይዞሩ ነበር። ጌታነህ ዋሻ ውስጥ ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ ተቀምጧል፤ እግሮቹ በብርድ አብጠዋል። ጠባቂው ስለ አእምሮ ሕመም አንድ ቃል አልተማረም። ነገር ግን ዱር ውስጥ የማያውቁትን ሰው እንዴት እንደሚቀርቡ ያውቃል። ራቅ ብሎ ከፊት ለፊቱ ቆመና፣ "ወንድሜ! ከፊትህ ነኝ። እጄ ባዶ ነው። ልመጣ ነው!" ብሎ ተጣራ። ጌታነህ ተነስቶ አብሮት መጣ። ይህን የነገረኝ ራሱ ጠባቂው ነው። ዓመት ሙሉ የተማርኩትን እሱ ከጓሳው ተምሮታል፤ እኔ በቸገረኝ ቀን ረሳሁት።

ጌታነህ ቤቱ ተመለሰ፣ እኔን ማየት ግን አልፈለገም። "'ሐኪሙ ከኋላዬ ነበር' ብቻ ነው የሚለው" አለችኝ አስካለ። ልጁን ማቀፍ ተወ። ሌሊት ደጅ መቀመጡንም እንደገና ጀመረ።

ደብረ ብርሃን ወርጄ ለሲስተር ጽጌ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ወይም አይዞህ ይሉኛል ብዬ ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም። መነጽራቸውን አወለቁና፣ "ከፊቱ ሄደህ ነግረኸዋል?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ያጠፋኸውን ነዋ! እሱ እስካሁን ጥፋቱ የእሱ መስሎታል። ሚስቴን የሰበርኩ እኔ ነኝ ብሎ ተቀምጧል። ውሻውን መትተህ ስታበቃ ዝም ትላለህ እንዴ?"

በማግስቱ ሄድኩ። ከአጥሩ ውጭ፣ ከሚያየኝ ቦታ፣ ራቅ ብዬ ቆምኩና ተጣራሁ። "ጌታነህ! ሽፈራው ነኝ። ከፊትህ ነኝ። ልመጣ ነው።" ዝም አለ። ተመለስኩ። በሳምንቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ሳምንት ፀሐዩ እየጠነከረ እግሬ ሲዝል፣ "ይምጡ" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

መደቡ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። "ተኩሱን ማስቀረት እችል ነበር። አባ ጠይቀውኝ ነበር። ፈሪ እንዳይሉህ ብዬ ዝም አልኩ። ደግሞም ከኋላ መጣሁብህ፣ እያወቅሁ። አስካለን የጣላት የእኔ ጥፋት ነው። ፈሪው እኔ ነበርኩ" አልኩት።

ጌታነህ ቀና አለ። "እኔ እኮ ተኩሱን ብቻ አይደለም የምፈራው" አለ። "ሳይነግረኝ መምጣቱን ነው። ጠባቂው ልመጣ ነው ሲለኝ ልቤ ወዲያው ነው የተመለሰ። ቢነግሩኝ እቆማለሁ።"

መሰላሉን እንደገና የሠራነው ከዚህ ተነስተን ነው። በዚያው ዓመት ሌላ ሽማግሌ ሲሞቱ፣ ጌታነህ ራሱ በአገሩ ሽማግሌዎች ፊት ቆመ። "ተኩሱን አስቀሩ አልልም። ተኳሹ ከመተኮሱ በፊት ልተኩስ ነው ይበለኝ" አላቸው። እኔ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። ፈሪ የምትለዋን ቃል እየጠበቅሁ ነው። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ "ለበግ እንኳ ጅብ መጣብህ ብለን እንጮሃለን። ለወንድማችን ብንናገር ምን ይጎድልብናል?" አሉ። በቃ፣ ያቺ ቃል ሳትነሳ ቀረች። እንዲያ ቀላል ኖሯል።

በቀብሩ ላይ ተኳሹ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ "ጌታነህ፣ ልተኩስ ነው!" ብሎ ጮኸ። ተኮሰ። ጌታነህ ቆሞ ሰማ። አስካለ በዳነው እጇ አንዱን እጁን ይዛ ነበር፤ ከፊት ለፊቱ ሆና።

ድኗል ብዬ አልጽፍም። ያርሳል፣ ይተኛል፣ ሦስት ልጆች አሳደገ። ነሐሴ ሲደርስ ግን እስከ ጡረታዬ ድረስ ራሱ መጥቶ፣ "ሐኪም፣ ውሻው ሊጮህ ነው" ይለኝ ነበር፤ አብረን እንሰነብት ነበር።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ዘመድ ሞቶብኝ ዘመሮ ለቀብር ሄድኩ። ከጌታነህ መንደር የሚርቅ አገር ነው፤ እሱን የሚያውቅ ሰው እዚያ የለም። ፎካሪው ሲጨርስ አንድ የማላውቀው ሰው ጠመንጃውን አነሳና፣ "ልተኩስ ነው! የሰማህ ስማ! ልተኩስ ነው!" ብሎ ሦስት ጊዜ ተጣራ። ደነገጥኩ። አጠገቤ የቆመውን ሰው ይህ ከየት የመጣ ነው ብዬ ጠየቅሁት።

"የአገራችን ወግ ነዋ፤ ከጥንት ጀምሮ ያለ" አለኝ፣ እንግዳ መሆኔን እየታዘበ።

ሳልስቅ ዙሪያዬን አየሁ። ጥሪው ሲሰማ ከሰዉ መካከል አራት አምስት ወንዶች ቀስ ብለው ወደ ግቢው ግንብ አፈገፈጉ። ጀርባቸውን ለድንጋዩ ሰጥተው ተቀመጡ። ማንም ዞሮ አላያቸውም። ሁሉም ጎልማሶችና ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንዳቸውም በአእምሮ ሕሙማን መዝገቤ ላይ አልነበሩም። ጥይቱ ጮኸ፣ እነሱም ዓይናቸውን ጨፍነው አሳለፉት። ከዳር ያሉት ጋሽ እሸቴ ነበሩ። ሸብተዋል፣ ቁመታቸው ግን ያው ነው።

በፊት ለፊታቸው ዞሬ ሄድኩ። "ጋሽ እሸቴ፣ ሽፈራው ነኝ፣ ድሮ ክሊኒክ የነበርኩት። ልመጣ ነው" አልኩ።

"የጨጓራው ሐኪም!" አሉና ጥርሳቸውን እያሳዩ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። "ጨጓራ አልነበረም፣ አይደል?"

"አልነበረም ጋሼ። አላወቅሁም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።"

"እኔስ አውቄ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ሦስት ዓመት ሙሉ ተመላለሱ? ያ ኪኒን ምንም አላደረገልዎትም እኮ!"

ጋሽ እሸቴ መሬቱን በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉልኝና አጠገባቸው እንድቀመጥ አመለከቱኝ።

"ኪኒኑንማ መንገድ ላይ እጥለው ነበር" አሉ። "እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ በሩ ይታየኝ ነበር።"